በአንድ ክፍል ቤት የጌም ኮምፒውተር፦ ከዋት የተጀመረ የዕቃ ምርጫ

ጉዳዩ በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአዲስ አበባ ጀሞ አካባቢ፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ የተከናወነ ነው። በቤቱ የሚኖሩት አንዲት እናትና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው። ታላቅየው የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን ወጪውን የሚሸፍነው እርሱ ነው፤ ታናሽየው የሲቪል ምህንድስና ተማሪ በመሆኑ ኮምፒውተሩን ለአውቶካድም ለጌምም ይፈልገዋል። የተመደበው ገንዘብ 75 ሺህ ብር ነበር፤ ባለ 22 ኢንች ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውዝ ቀድሞ ስለነበራቸው በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። የእኔ ድርሻ ዕቃውን መምረጥ፣ መፈተሽና መገጣጠም ነበር።

ልጆቹ ሊጫወቱ የሚፈልጉት ኤፍሲ የተባለውን የእግር ኳስ ጌም፣ ካውንተር-ስትራይክ 2ን እና ጂቲኤ 5ን ነው። ከሦስቱ ለግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል ለሚሠራው ክፍል) የሚከብደው ኤፍሲ ሲሆን፣ ለኤፍሲ 24 አምራቹ በዝቅተኛ መስፈርትነት ያስቀመጠው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ የሚመከረው ደግሞ ጂቲኤክስ 1660 ነው። ስለዚህ ዒላማው ግልጽ ነበር፤ የሞኒተሩ የምስል ጥራት ከ1080ፒ ስለማያልፍ፣ ከጂቲኤክስ 1660 ጋር የሚቀራረብ አቅም ያለው ካርድ ከተገኘ ከዚያ በላይ የሚወጣ ገንዘብ በዚህ ቤት ትርጉም አይኖረውም።

ብዙ ሰው የጌም ኮምፒውተር ሲያስብ ገንዘቡ የሚችለውን ኃይለኛ ካርድ ይመርጥና ፓወር ሰፕላዩን (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለውን)፣ ኬዙንና ማስቀመጫውን በካርዱ ልክ ይፈልጋል። ሰፊ ቤትና ዕቃ የሞላበት ገበያ ላለው ሰው ይህ አካሄድ ችግር የለውም። ሦስት ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ የሳጥኑን መጠን ይወስናል፤ የሳጥኑ መጠን የፓወር ሰፕላዩን አቅም ይገድባል፤ ፓወር ሰፕላዩ ለካርዱ የሚተርፈውን ዋት ይቆርጣል። ካርዱ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ካርዱ ሲታወቅ ደግሞ ከትንንሽ ሳጥኖች መካከል እርሱን የሚቀበለው ይለያል። ሙቀትም ድምፅም ከዋት የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ዋቱን ቀድሞ የወሰነ ሰው ሌሎቹን ችግሮች በግማሽ ቀንሷቸዋል ማለት ይቻላል።

ቤቱ የጣለው ገደብ

ለኮምፒውተሩ የተገኘው ብቸኛ ቦታ የእናትየው ቡፌ የታችኛው ሳጥን ነበር። በሩ ቀድሞ ወልቆ የቆየ ሲሆን፣ በሜትር ስንለካው ወርዱ 38፣ ቁመቱ 34፣ ጥልቀቱ 36 ሴንቲሜትር ሆነ። በየሱቁ የሚታየው የተለመደ የጌም ኬዝ ቁመቱ 45 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ሊገባ ቀርቶ ሊታሰብም አይችልም። ጠረጴዛው ላይ እንዳይቀመጥ ታናሽየው የሚሥልበትና የሚያጠናበት እርሱ ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ እንዳይሆን ማታ ፍራሽ ይነጠፍበታል።

ሁለተኛው ገደብ ድምፅ ነው። እናትየው እንጀራ ጋግረው ለሱቅ ስለሚያስረክቡ በጊዜ ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነሣሉ። ልጆቹ የሚጫወቱት ደግሞ ማታ፣ ማዳመጫ አድርገው፣ ከእርሳቸው አልጋ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። እኔ ልለካ በሄድኩ ጊዜ የእርሳቸው መስፈርት አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ከሆነ ከነሳጥኑ በረንዳ ያድራል።» ከዚህ በኋላ በማንኛውም ዕቃ ላይ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ፋኑ ምን ያህል መሽከርከር ይኖርበታል የሚለው ሆነ።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎዋት ሊስብ የሚችል ዕቃ ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ገደማ ማለት ነው። ምጣዱ በርቶ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚሰካበትን ሶኬት ስለካው ቮልቴጁ ወደ 195 ወርዶ አገኘሁት። ታላቅየው ይህን ሲያይ ወዲያው ስታብላይዘር እንግዛ አለ፤ የአብዛኛው ሰው ልማድም ይኸው ነው። ነገር ግን የዘመኑ የታዋቂ አምራቾች ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ እንደ ተለጠፈው ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው ክልል ይሠራል፤ 195 ቮልት ለእርሱ ምንም አይደለም። አደጋው ያለው መብራት በድንገት ሲጠፋና ተመልሶ ሲመጣ በሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚጠቅመው በውስጡ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ስለዚህ ለስታብላይዘር ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ዩፒኤስ ዞረ።

አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በመሆኑም ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት እዚህ ያንሳል። የከተማዋ ለስላሳ የአየር ጠባይ ጉድለቱን ለማካካስ ቢረዳም፣ በውጭ አገር የተሠሩ የሙቀትና የድምፅ ልኬቶችን እንዳሉ መውሰድ አይገባም፤ በተለይ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ከሆነ። የዕጣንና የዘይት ጢስ ከአቧራ ጋር ተደባልቆ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የሚሠራው ድድር በብሩሽ ብቻ የሚለቅ አይደለም።

የተጣሉት አማራጮች

ታላቅየው በመጀመሪያ ያሰበው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ነበር። ለእግር ኳሱ ጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያከራክር አልነበረም፤ ነገር ግን አውቶካድ አይሠራበትም። ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያመነታሁበት ነው። ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው፣ ቦታ አይዝም፣ ታናሽየውም ግቢ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የጣልነው በሁለት ምክንያት ነው፦ በዚህ ገንዘብ የሚገኙት ባትሪያቸው የደከመና ለዓመታት በሙቀት የተሠራባቸው ናቸው፤ ቀጫጭን ፋኖቻቸውም በጌም ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚጮኹት እነርሱ ናቸው።

በግራፊክስ ካርድ ፋንታ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ግራፊክስ መጠቀም ሌላው መንገድ ነው። በ2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ዕቃዎቹ የወጡባቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ ጂቲኤ 5ንና ካውንተር-ስትራይክን ቅንብራቸው ዝቅ ተደርጎ ያስኬዳል፤ ለኤፍሲ ግን ዒላማ ካደረግነው አቅም በብዙ ያንሳል። በ2024 የወጣው 8600ጂ ይሻላል፤ ሆኖም የሚፈልገው ዲዲአር5 ራም ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሽቅብ መውጣት ጀምሮ ነበርና ሒሳቡ አልመጣም። በዚያ ላይ 17 በ17 ሴንቲሜትር የሆነው ትንሹ ሚኒ-አይቲኤክስ ማዘርቦርድና ለእርሱ የሚሆን ኬዝ በአዲስ አበባ ሱቆች እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም። የመጽሐፍ ያህል ሳጥን ያላቸው ሚኒ ኮምፒውተሮችም ታይተዋል፤ ድንቅ ናቸው፣ ግን ከተበላሹ ተነቅሎ የሚቀየር ክፍላቸው ጥቂት በመሆኑ ለዚህ ቤተሰብ አልመከርኳቸውም።

የቀረው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ቀጭን ዴስክቶፕ ገዝቶ ትንሽ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ነጋዴዎቹ «ስላይትሊ ዩዝድ» እያሉ የሚያቀርቧቸው እነዚህ የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ኮምፒውተሮች በብዛት ስለሚገቡ ዋጋቸው የተረጋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ስለወጣ፣ አዲስና «ፓክድ» የሆነ ዕቃ ሁሉ ከአቅም በላይ ሲሆን ያገለገለው የቢሮ ኮምፒውተር ግን በአንጻሩ ተመጣጣኝ ሆኖ ቆይቷል።

75 ዋት

እነዚህ ቀጫጭን ዴስክቶፖች የያዙት ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት የሚደርስ ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን የተለየ የኃይል ገመድ የላቸውም። ስለዚህ ካርዱ ኃይሉን በሙሉ ማግኘት ያለበት ከሚሰካበት የማዘርቦርድ ስሎት ሲሆን፣ በመደበኛው መስፈርት መሠረት ያ ስሎት ለአንድ ካርድ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም። በአንዳንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ አምራቹ ከዚህም ዝቅ ያለ ገደብ ያስቀምጣል፤ የአገልግሎት መመሪያውን ሳያዩ መግዛት የማይገባውም ለዚህ ነው።

75 ዋት ከተባለ በኋላ የካርድ ምርጫው ራሱን በራሱ ያጠባል። ትንሽ ቁመት ያለው አርቲኤክስ 4060 በገበያ አለ፤ ነገር ግን 115 ዋት ስለሚፈልግ የራሱ ገመድ ያስፈልገዋል። የኢንቴል አርክ ካርዶች በዋጋቸው ይማርካሉ፤ ሆኖም ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት ሪሳይዘብል ባር የተባለው አሠራር ባለበት ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን፣ ኢንቴልም ከ10ኛ ትውልድ ጀምሮ ባሉ ፕሮሰሰሮች እንዲሠሩ ይመክራል፤ እኛ ያየናቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን የ8ኛ ትውልድ ነበሩ። ስለዚህ ለእኛ የቀሩት ሦስት ናቸው።

ጂቲኤክስ 1650 በ2019 የወጣ፣ 75 ዋት የሚወስድና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ነው። ዕድሜው ቢገፋም የታመነ ካርድ ነው፤ ነገር ግን አጭር ቁመት ያለው ዓይነቱ በአዲስ አበባ ሲገኝ የሚጠየቅበት ዋጋ ከአዲስ ካርድ ብዙም የማይርቅ ሆኖ አገኘነው።

በ2022 የወጣው አርኤክስ 6400 የሚወስደው 53 ዋት ብቻ ሲሆን፣ ውፍረቱም የአንድ ስሎት ያህል ስለሆነ በማንኛውም ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ ይህ ስሎቱ አራተኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሲሆን ይበቃል፣ የ8ኛ ትውልድ የኢንቴል ማዘርቦርድ ግን ሦስተኛ ትውልድ ስለሆነ የመተላለፊያው ስፋት በግማሽ ይቀንሳል። 4 ጊጋባይቱ ሜሞሪ ሲሞላ ጌሙ ከዋናው ራም መበደር ይጀምራል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነም ምስሉ ይንተባተባል። በዚያ ላይ ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍል ስለሌለው ጨዋታን መቅዳት የሚፈልግ ሰው ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅበታል።

ሦስተኛው በፌብሩዋሪ 2024 በ169 ዶላር የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ነው። 70 ዋት ይወስዳል፣ የተለየ ገመድ አይፈልግም፣ በስምንት መስመር ይገናኛል፣ አቅሙም ከፈለግነው ከጂቲኤክስ 1660 ጋር ይቀራረባል። በእኔ እምነት ለእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ከእርሱ የተሻለ ምርጫ አልነበረም። ነገር ግን አጭር ቁመት ያላቸው ዓይነቶቹ ውፍረታቸው የሁለት ስሎት ያህል ነው፤ ሳጥኑን የወሰነውም ይኸው ሆነ።

ሁለት ሴንቲሜትር

በእጃችን ሁለት አማራጮች ነበሩ፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 እና ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፤ ሁለቱም ቀጭኖቹ ዓይነቶች። ሁለቱም የያዙት ያንኑ ኮር አይ5-8500 ፕሮሰሰር ነው፦ ስድስት ኮር፣ እስከ 4.1 ጊጋኸርዝ፣ 65 ዋት። ዴሉ በጥቂት ሺህ ብር ይረክሳል፤ በውጭ ሲታይም ይበልጥ ንጹሕ ነበር።

ክዳኖቻቸውን ከፍተን በማስመሪያ ለካን። የሁለት ስሎት ካርድ ከራሱ ስሎት ጎን ተጨማሪ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በዴሉ ረጅሙ የግራፊክስ ስሎት ከፓወር ሰፕላዩ ቆርቆሮ ጎን ተጠግቶ የተቀመጠ ስለሆነ ካርዱ የሚሰፍርበት አየር የለም፤ አንድ ስሎት ብቻ የሚይዘው አርኤክስ 6400 ግን ይገባል። በኤችፒው ከግራፊክስ ስሎቱ ጎን ባዶ ስሎቶች ስላሉ ወፍራሙ ካርድ ይቀመጣል። ታላቅየው ለተወሰነች ልዩነት ዴሉን መርጦ በትንሹ ካርድ ለመርካት አስቦ ነበር፤ በስሌት ሲታይ ግን የሚተርፈው ገንዘብ የሚያጣውን አቅም የሚመጥን ስላልነበረ ኤችፒው ተገዛ። ወርዱ 27፣ ጥልቀቱ 31፣ ከፍታው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ በቡፌው ሳጥን ውስጥ ተጋድሞ ይገባል፤ ከላዩም ከሃያ ሴንቲሜትር በላይ ይተርፋል።

የፓወር ሰፕላዩ ሒሳብ እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 250 ዋት ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ 65፣ ካርዱ 70፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኮቹና ፋኖቹ በልግስና 35 ዋት ቢባሉ ድምሩ 170 ነው። ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ከ65 ዋት በላይ ሲዘል እንኳ በቂ መጠባበቂያ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በገበያ ከኬዝ ጋር በነጻ የሚሰጠውን «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቀላል ፓወር ሰፕላይ አይቶ 250ውን ይንቃል። ለቢሮ ተብሎ የተሠራው 250 ዋት እውነተኛ 250 ዋት ነው፤ የነጻው ግን ጽሑፉ ላይ ያለውን ግማሽ እንኳ ሳይጨነቅ ለመስጠቱ ዋስትና የለውም።

ስምንተኛው ትውልድ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ የተቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች በገበያ የረከሱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ርካሽነታቸው ግን የሚያታልል ነው። ታናሽየው ወደፊት ቫሎራንት መጫወት ቢፈልግ እንኳ ጌሙ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት የደኅንነት ክፍሎች እንዲበሩ ይጠይቃል፤ ኤችፒው ሁለቱም አሉት።

ግዢውና ፍተሻው

ካርዱን መጀመሪያ የፈለግነው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። በአንድ ሱቅ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ በረከሰ ዋጋ የቀረበልን ካርድ ተለጣፊ ወረቀቱ የሚያምር፣ ፋኑም አዲስ ነበር። ጀርባው ላይ ግን ባለ 15 ቀዳዳው ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ አለ። ኤንቪዲያ ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ የአናሎግ ምስልን ከቺፑ አስወጥቶታል፤ ስለዚህ ያ ሰማያዊ መሰኪያ ብቻውን ጥርጣሬ ለመፍጠር በቂ ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ ስንከፍተው ካርዱን ሐሰተኛ ብሎ አሳየን፤ ስሙ የተቀየረለት የብዙ ዓመት ዕድሜ ያለው ቺፕ ነበር። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ይህን ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሳይሄድ ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

በመጨረሻ ካርዱ የተገዛው ዱባይ በሚኖሩት አክስታቸው በኩል ነው። በቡር ዱባይ የካሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና የኮምፒውተር ሱቆች የተደረደሩበት በመሆኑ ለመፈለግ አስቸጋሪ አልነበረም፤ አስቸጋሪው ስሙ ነበር። አርቲኤክስ 3050 ተብለው የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ካርዶች አሉ። በ2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይቱ 130 ዋት የሚወስድና የራሱን የኃይል ገመድ የሚፈልግ ሲሆን፣ ለእኛ ሳጥን ፈጽሞ አይሆንም። ሻጭ ደግሞ «ስምንቱ ከስድስቱ ይበልጣል» ብሎ ማግባባቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ ለአክስትየው በስልክ ከመንገር ይልቅ መለያዎቹን በጽሑፍ ላክንላቸው፦ ስድስት ጊጋባይት ይሁን፤ ጫፉ ላይ የገመድ መሰኪያ አይኑረው፤ ርዝመቱ ከ18 ሴንቲሜትር ብዙም አይለፍ፤ በካርቶኑ ውስጥ ካርዱን ከሳጥኑ ጀርባ ጋር ከሚያያይዘው ረጅም ብረት ሌላ፣ ለቀጭን ሳጥን የሚሆን አጭር ብረትም ይኑር። አክስትየው ሱቁ ውስጥ ሆነው ካርቶኑን አስከፍተው የብረቶቹን ፎቶ በቴሌግራም ላኩ፤ ከዚያ በኋላ ተከፈለ።

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ብዙ የሚባል የለም። ኤችፒው የመጣው በአንድ የ8 ጊጋባይት ራም ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ራሙን በሁለት መስመር ማንበብ ሲችል በአንድ ብቻ ማስኬድ አቅምን ማባከን ስለሆነ፣ ተመሳሳይ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ተጨመረለት። የ512 ጊጋባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና ለጌሞቹ፣ አብሮት የመጣው ሃርድ ዲስክ ለትምህርት ፋይሎች ሆነ። ኤፍሲ 100 ጊጋባይት፣ ካውንተር-ስትራይክ 85 ጊጋባይት፣ ጂቲኤ ከ100 በላይ ስለሚወስዱ ከዚያ ያነሰ ኤስኤስዲ አይበቃም። መቶ ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ለማውረድ ያለማቋረጥ 22 ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ታናሽየው ካውንተር-ስትራይክን ከጓደኛው ኤክስተርናል ዲስክ ቀዳ፤ ጌሙ የሚወርድበት ስቲም የተባለው ፕሮግራም የተቀዳውን ፋይል አጣርቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ዩፒኤሱ ባለ 650 ቪኤ ሲሆን ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ጌሙን ዘግቶ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚያስችል ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ ያልተስተካከለ በመሆኑ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ኮምፒውተሩን ሱቁ ድረስ ወስደን፣ ጌም እየሠራ ሳለ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቅለን አየን። አልጠፋም።

ገጠማና ድምፅ

ካርዱ ላይ ያለውን ረጅም ብረት አውልቆ አጭሩን መግጠም የሚጠይቀው ትንሽ ፊሊፕስ ካቻቢቴና ትዕግሥት ነው። የኤችዲኤምአይ መሰኪያውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ ስለሆኑ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ መሥራት ይመረጣል። ካርዱ ከመግባቱ በፊት የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ነቅዬ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአልኮል ጠረግሁና አዲስ ቀባሁ። ከቢሮ በወጣ ኮምፒውተር ላይ ይህ ሥራ ሊታለፍ አይገባም፤ አሮጌው ፔስት ቆዳ ሆኖ ስለሚቀር ፋኑ ያለ ምክንያት ይጮኻል።

ከዚያ በኋላ የቀረው የቡፌው ጉዳይ ነበር። ሳጥኑ በፊት በኩል ክፍት ቢሆንም ጀርባው በኮምፔርሳቶ የተዘጋ ስለሆነ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚወጣው ትኩስ አየር ግድግዳ መትቶ ተመልሶ በፊት ይገባል። ለሙከራ አንድ ሰዓት ያህል ጌም ስናስኬድ ካርዱ ከ80 ዲግሪ በላይ ወጣ፤ ፋኑም ከአልጋው ዘንድ ይሰማ ነበር። እናትየው ቡፌያቸው እንዲቆረጥ መጀመሪያ ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ኮምፔርሳቶው በምስማር ብቻ የተያዘ መሆኑንና ተመልሶ ሊመታ እንደሚችል ሲያዩ ግን የታችኛው ክፍል ብቻ እንዲነሣ ፈቀዱ። ቡፌው ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ርቆ ወደ ፊት ተሳበ። ይህ ብቻውን ሙቀቱን ወደ 70ዎቹ መጀመሪያ አወረደው።

ድምፁን ጨርሶ የቀነሰው ግን ምንም ገንዘብ ያልወጣበት ቅንብር ነው። ጌሞቹ በነጻ ሲለቀቁ ካርዱ ሞኒተሩ ሊያሳያቸው የማይችላቸውን ፍሬሞች (በየሰከንዱ የሚቀያየሩ ምስሎች) ጭምር እየሠራ ሙሉ 70 ዋቱን ይበላል። ሞኒተሩ በሰከንድ ከ60 በላይ ስለማያሳይ፣ በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ የፍሬሙን ጣሪያ 60 ላይ ገደብነው። ኤፍሲ በመካከለኛና ከፍተኛ ቅንብር መካከል ሆኖ 60ውን ሳይለቅ ይሠራል፤ ካርዱ ሥራው ስለቀለለለት ፋኑ ይረጋል። ለካውንተር-ስትራይክ ታናሽየው ገደቡ ከፍ እንዲል ጠይቆ ነበር፤ ያ ጌም ግን ይበልጥ የሚደገፈው ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ቀን ቀን ከፍ ብሎ፣ ማታ 60 ላይ እንዲሆን ተስማሙ። እናትየው የመጀመሪያውን ሌሊት ተኝተው አደሩ፤ በማግስቱ የጠየቁት ኮምፒውተሩ ለምን ሰማያዊ መብራት እንደሚያበራ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዩፒኤሱ ነው፣ በቁራጭ ፕላስተር ተሸፈነ።

ከ75 ሺህ ብሩ ካርዱ አርባ በመቶ ገደማ፣ ኤችፒው ሲሶ ያህል ሲወስዱ፣ ቀሪው ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለዩፒኤስ ዋለ። የወደፊቱ ማነቆ ካርዱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው፤ ኮር አይ5-8500 ስድስት ኮሮች ቢኖሩትም በእያንዳንዱ ኮር አንድ ሥራ ብቻ ስለሚያስኬድ አዳዲስ ትልልቅ ጌሞች ላይ እርሱ ቀድሞ ይደክማል። ማዘርቦርዱ ኮር አይ7-8700ን ስለሚቀበል፣ ያገለገለ በተመጣጣኝ ዋጋ ከተገኘ ሊቀየር ይችላል፤ ሆኖም የቢሮው ማቀዝቀዣ ትንሽ በመሆኑ ድምፁ መጨመሩ አይቀርምና በዚህ ቤት አልመክረውም። ቤተሰቡ ሰፋ ወዳለ ቤት ከተዛወረ ካርዱ ረጅሙ ብረት ተመልሶለት ወደ ተለመደ ኬዝ ይገባል፤ ረጅሙ ብረት ከትርፍ ብሎኖቹ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኤችፒውም ለታላቅየው የሒሳብ ሥራ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ከጢሱ የተነሣ በየሦስት ወሩ ክዳኑ ተከፍቶ የካርዱ ፋንና የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች በአልኮል በተነከረ ጥጥ እንዲጠረጉ ለታናሽየው አሳይቼዋለሁ።